ክኒኗ ፎርጅድ ናት ያልኩ ጊዜ

በመርካቶ ምድር እኔን የሚሸውድ ሰው ገና አልተወለደም። ተወልዶም ከሆነ ገና ጡት አልጣለም። ይህን የምላችሁ ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ ብቻ አይደለም ማለቴ ነው። ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ ስሸጥ ጠጉሬ ተመልጦ ያለቀ ሰው ነኝ። አንድ ነጠላ በሁለት ጣቴ ካሸሁ የየትኛው ሸማኔ እጅ እንደሆነ መለየት ቀላሉ ነገር ነው፤ ሸማኔው በዚያ ሰሞን ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ እንደነበር ሁሉ እነግራችኋለሁ። የተጣላ ሸማኔ ማጉን ያጠብቃል።

«የእጅ ሥራ ነው» ብሎ የፋብሪካ ጨርቅ ይዞብኝ የመጣ ካለ አልጨቃጨቅም። ከጫፉ አንዲት ክር እመዝና ክብሪት እጭራለሁ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ቦግ ብሎ አመድ ይሆናል። ናይለን ከሆነ ይጠቁራል፣ ይኮማተራል፣ ድብልብል ይላል፤ ልክ ውሸቱ እንደተነቃበት ሰው ፊት። ባለጨርቁም አንድ ቃል ሳልናገረው ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል።

ዋናው መሣሪያዬ ግን ክብሪት አይደለም፤ ዝምታ ነው። ክር በጅምላ የምገዛቸው ሐጂ ከድር የሚባሉ ነጋዴ አሉ። ከእርሳቸው ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ የለም፤ ስለዚህ እኔ ተከራክሬያቸው አላውቅም። ዋጋ ሲጠሩ እጄን አጣጥፌ፣ ዓይኔን ገርበብ አድርጌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ ዝም ነው። ሐጂ ትንሽ ይቀንሳሉ። ዝም። «ወላሂ በገዛሁበት ነው!» ይላሉ። ዝም። ይቆጣሉ፣ ሻይ ያዝዙልኛል፣ ሻዩን ራሳቸው ይጠጡታል፣ ይቀንሳሉ። በመጨረሻ ራሴን አንድ ጊዜ ወደ ታች ነቅነቅ ሳደርግ ገበያው አለቀ ማለት ነው። «አንተ ሰውዬ፣» ይሉኛል ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ያንተ ዝምታ እኮ ከሌላው ሰው ስድብ ይብሳል!» ይህችን ዝምታዬን ያዙልኝ፤ በኋላ ጉድ ታፈላለች።

እንግዲህ ይኸው ማንም የማይሸውደው ሰው እንቅልፍ አጣ።

ነገሩ የጀመረው ባለቤቴ አስካለ እራት ላይ፣ ጨው አቀብለኝ በሚል ድምፅ፣ «እሁድ ለረድኤት ሽማግሌ ይመጣል» ስትለኝ ነው። ረድኤት አንዲት ልጃችን ናት።

«ማን ነው የላከው?» አልኩ።

«ሲመጡ ይነግሩሃል። ሽማግሌ የሚመጣው ለዚሁ አይደል?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ?»

«እኔ እናቷ ነኝ።»

ይህ አሁን መልስ ነው? ረድኤትን ራሷን ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። ግን የነጋዴ አመል ክፉ ነው፤ ዕቃውን የፈለገ ሰው ፍላጎቱን ፊቱ ላይ አያሳይም። «ደስ እንዳላችሁ» ብዬ ጉርሻዬን ቀጠልኩ። ጉርሻው ወረደ፤ እንቅልፌ ግን ከዚያች ማታ ጀምሮ አልወረደም።

ከማግስቱ ጀምሮ መርካቶ ውስጥ ሰላም የሚለኝን ወጣት ሁሉ እጠረጥር ጀመር። ዚፕና ቁልፍ የሚሸጠው ጎረቤቴ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ቢለኝ፣ «እንዴት እንዳደርኩ አንተ ምን አገባህ?» አልኩት። ጥልፍ የሚጠልፍልኝ ልብስ ሰፊ ጠጉሩን ተስተካክሎ መጣ፤ ለማን ብሎ? ከተክለ ሃይማኖት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ረዳት ደግሞ «የእርስዎ ይቅር ጋሼ» አለኝ። የታክሲ ረዳት! መልስ እንኳ ካልለመኑት የማይሰጥ ፍጡር! «አውርደኝ!» ብዬ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ሲመሽ እነዚህን ሁሉ አልጋዬ ላይ አሰልፌ፣ አንድ በአንድ እንደ ክር እየመዘዝኩ ክብሪት ስጭርባቸው ይነጋል።

አስካለ ሰለቻት። «ሐኪም ቤት ሂድ» አለችኝ። «ስትገላበጥ አልጋው ተንቀጥቅጦ ሊያልቅ ነው። ኧረ ስታንኮራፋ ይሻል ነበር፤ እሱስ ዜማ አለው።»

እዚህ ላይ ስሜን ማጥራት አለብኝ። እኔ አላንኮራፋም። ይህች ሴት ከተጋባን ማግስት ጀምራ ታንኮራፋለህ ትለኛለች፤ ማስረጃ አምጪ ስላት «ጆሮዬ» ትላለች። የሚስት ጆሮ ማስረጃ ሆኖ ያውቃል? በዘራችንም የለም። አባቴ ሲተኛ ትንፋሹ ከመቅለሉ የተነሣ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ አፍንጫው ሥር መስታወት ይያዝለት ነበር።

ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ሐኪም ልጅ እግር ናት። «ምን ያስጨንቅዎታል ጋሼ?» አለችኝ ገና ከመቀመጤ።

አሃ፣ አልኩ በሆዴ፤ ይህችን ደግሞ ማን ላካት? «ምንም» አልኳት።

«ቡና ይጠጣሉ?»

«እንደ ሰው።»

«ማታስ?»

«ማታም ሰው ነኝ።»

ሳቀችና ወደ ቁም ነገሩ ገባች። ከቀትር በኋላ ቡና ይቅር፣ አልጋ ላይ ስልክ ይቅር፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መተኛት፣ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት። «ለጥቂት ቀን ብቻ የሚያግዝዎት ክኒን አዝዝልዎታለሁ። ምርኩዝ ነው እንጂ እግር አይደለም። ጭንቀትዎን ግን ለሚቀርብዎ ሰው ይንገሩት።»

«ደህና ክኒን ከሆነ ለምን ጥቂት? ጨምሪው እንጂ!»

«አልጨምርም። ሲለመድ ክፉ ነው።»

ይህች ንግግር አላማረችኝም። መርካቶ ከተቆረቆረ ጀምሮ «አልጨምርልህም» ያለ ሻጭ ታይቶ አይታወቅም።

ወረቀቱን ይዤ ስገባ ረድኤት፣ «አባዬ፣ መድኃኒቱን ከዚያ ጥግ ካለው መድኃኒት ቤት ግዛ፤ የእነሱ ትክክለኛ ነው» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«ሰው ሲል ሰምቼ» ብላ አንገቷን ደፋች። የከተማውን ጎረምሳ ሁሉ ስመረምር የከረምኩ ሰው፣ የገዛ ልጄ አንገት ለምን እንደተደፋ አልመረመርኩም። እንግዲህ ሰው ዓይኑን ሩቅ ሲያሠራ ደጁን ይረሳል።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለው ቀጭን፣ ነጭ ጋወን የለበሰ ልጅ ነው። ገና ስገባ ዘሎ ተነሣ፤ የያዘው እስክሪብቶ ወደቀ። ባንኮኒውን ዞሮ መጥቶ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ደንበኛውን በሁለት እጁ የሚጨብጥ መድኃኒት ሻጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወንበር አቀረበልኝ። ውሃ ቀዳልኝ። ወረቀቱን ሲቀበለኝ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። እኔ ሸማ ተራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ያህል ትሕትና ከንጹሕ ዕቃ ጋር አይሸጥም። ልጁ ፎርጅድ ይሸጣል፤ አለቀ።

«ጋሼ፣» አለኝ ድምፁን አለስልሶ፣ «የምትወሰደው አንድ ፍሬ ብቻ ናት። ማታ፣ አልጋዎ ውስጥ ከገቡ በኋላ፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ የሚተኙ ከሆነ። ቀን በፍጹም እንዳይወስዱ።»

«ባትሠራስ?»

«እንዳይደግሙ! ባትሠራ እኔ ጋ ወይም ሐኪሟ ጋ ይመጣሉ። ከመጠጥ ጋር በፍጹም አይሆንም። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«መኪና ይነዳሉ?»

«ሰው ነው የምነዳው» አልኩት። ሊስቅ ፈልጎ ሳቁን ዋጠው። በቀልዴ መሳቅ የሚፈራ ሻጭ! ይህንንም መዘገብኩበት።

«ለሌላ ሰው እንዳይሰጡ። ደግሞ…» አለና ላቡን ጠረገ፣ «አንዳንድ ሰው ተኝቶ አድሮ እንደተኛ ላያስታውስ ይችላል። ሳያውቀው ተነሥቶ የሆነ ነገር አድርጎ የሚረሳም አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመዎ ይንገሩኝ።»

ይህችን ስሰማ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ገዢው መረከቡን የማያስታውሰው ዕቃ! እንዲህ ያለ ንግድ መኖሩን ባውቅ ኖሮ ዕድሜ ልኬን ጋቢ ምን አሸከመኝ? «ጋቢውን ወስደዋል እኮ እመቤት፤ አንዳንድ ሰው መውሰዱን ላያስታውስ ይችላል» እያልኩ መኖር ስችል!

ልፈትነው ብዬ፣ «በል በደርዘን አድርግልኝ» አልኩት።

«አይቻልም ጋሼ። የታዘዘው ይህ ብቻ ነው።»

ዝም አልኩ። ያንን ዝምታዬን። እጄን አጣጠፍኩ፣ ዓይኔን ገርበብ አደረግኩ። ልጁ ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ፤ ግን አንዲት ፍሬ አልጨመረም። «ይቅርታ ጋሼ፤ እርስዎም ቢሆኑ አልችልም» አለ።

እርስዎም ቢሆኑ? እኔ ለእርሱ ማን ነኝ?

ቤቴ ገብቼ ክኒኖቹን እንደ ጨርቅ መረመርኳቸው። አንዷን ለፍርድ ሠዋኋትና ክብሪት ጫርኩባት። አልነደደችም። ጠቆረች፣ ተኮማተረች፣ ክፉ ሽታ ሸተተች።

«አስካለ!» ብዬ ጮኽኩ። «ይህ ክኒን ጥጥ የለበትም!»

«መድኃኒት ከጥጥ ነው የሚፈተለው ያለህ ማን ነው?»

ማታ ግን እንደታዘዘው አልጋዬ ውስጥ ገብቼ አንዷን ዋጥኩ። ዋጥኩ እንጂ አላመንኩም። ትራስ ተደግፌ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አፍጥጬ፣ ነቅቼ ልጠብቃት ቁርጥ አደረግኩ። ሌባ በሚገባበት በር የተቀመጠ ዘበኛ በሉኝ። ሰዓቱ አራት ይላል። ዓይኔን እርግብ አድርጌ ገለጥ ሳደርግ ዐሥራ ሁለት ይላል፤ በመስኮቱም ብርሃን ገብቷል።

«አስካለ፣ ይህ ሰዓት ተበላሽቷል፤ ይዘልላል» አልኳት። «ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን አልከደንኩም።»

«ምን? ቤቱን በማንኮራፋት ስታፈርሰው አድረህ! ደግሞ መሐል ላይ ብድግ ብለህ ሄደህ የረድኤትን ሻንጣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ከተትክና፣ ‘ሱቅ ተዘግቷል’ ብለህ ተመልሰህ ተኛህ። እጅህን ይዤ የመለስኩህ እኔ ነኝ።»

ሄጄ አየሁ። ሻንጣው በእርግጥ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አለ። አስካለ ራሷ አድርጋው እንደሆነስ? እናትና ልጅ አንድ ነገር እየሸረቡ መሆናቸውን እንደሁ አውቄያለሁ። ክኒን ሻጩም ከእነርሱ ጋር ሳይሆን አይቀርም አልኩ። በዚህ ሁሉ ጥርጣሬዬ ውስጥ አንዲቷ እውነት ይህች ነበረች፤ እርሷንም በስህተት ነው ያገኘኋት።

ቅዳሜ መድኃኒት ቤቱ ተመለስኩ። «ልጄ፣ ዕቃህ አይሠራም። ዓይኔን ሳልከድን ነው ያደርኩት። ባለቤቴ እንደሁ ተነሥተህ ሻንጣ ደብቀሃል ትላለች።»

«የማንን ሻንጣ?»

«የልጄን።»

ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። «ጋሼ፣ እንደዚያ ከሆነ ሁለተኛ እንዳይወስዱት» አለኝ። «ሳያውቁት የሚነሡ ከሆነ ወዲያው ማቆም ነው። የቀሩትን ያምጡልኝ፤ ሰኞ አብረን ሐኪሟን እናነጋግራለን።»

አያችሁት ይህን ቀበጥ? የሸጠውን ፎርጅድ መልሶ ሊሰበስብ! ማስረጃ ሊያጠፋ! «ጠብቅ፣ አመጣልሃለሁ» ብዬ ወጣሁና ክኒኖቹን ኪሴ ውስጥ እንደ ታቦት አኖርኳቸው።

እሁድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከምሳ በኋላ ይመጣሉ ተባለ። አስካለ ጠጁን ቆልፋ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ከታዋለች፤ ከመጠጥ ጋር አይወሰድም የምትለዋን ትእዛዝ የጠበቅኩት በዚህ ቁልፍ ምክንያት ስለሆነ ምስጋናው ለእኔ አይደለም። እኔም በክብሪት የተመሰከረለትን ጋቢዬን ለብሼ ትልቁ ወንበር ላይ ተሰየምኩ። ሽማግሌ ደግሞ በሰዓቱ አይመጣም፤ በሰዓቱ ከመጣ የቸኮለ ይመስላል። ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ጠብ መጣ።

«ዓይንህ ደም መስሏል» አለችኝ አስካለ። «ያችን ክኒን በወሰድክባት ሌሊት እንኳ ደህና ተኝተህ ነበር።»

«አልተኛሁም አልኩ እኮ!»

«ስታንኮራፋ?»

«አባዬ፣ እውነቷን ነው፤ እኔም በግድግዳው ሰምቼሃለሁ» አለች ረድኤት ከጓዳ።

ልጄም! የገዛ ልጄም! ኪሴ ገብቼ አንዲት ክኒን አወጣሁና ወደ ላይ ከፍ አደረግኳት። «እዩኝ! በቀን ብርሃን፣ በእናንተ ምስክርነት! ይህች መድኃኒት ከሆነች እስቲ ታስተኛኝ!»

«አንተ ሰው፣ በእመቤቴ! ሽማግሌ መንገድ ላይ ነው! ልጁ እንኳ ቀን አይወሰድም ብሎ…»

«የትኛው ልጅ?» አልኩ። አስካለ አፏን ያዘች። እኔም ክኒኗን ዋጥኩ።

ከዚያ ወንበሬን አመቻችቼ ተደላደልኩ። ደረቴን ነፋሁ። ሽማግሌዎቹ አሁንም አልመጡም። «አያችሁ?» አልኳቸው። «ምንም! ስኳር ናት። ኧረ እንዲያውም…»

ይህችን «እንዲያውም» አልጨረስኳትም።

ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ አላየሁትም፤ አስካለ እንደነገረችኝ ነው የምነግራችሁ። እርሷ ደግሞ አታጋንንም፤ ቤታችን ውስጥ ያ ሥራ የእኔ ነው።

«ቤቶች!» ተባለ። የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የልጁ አጎት፣ የልጁ የንስሐ አባት ቄስ፣ ከፊት ከፊት ደግሞ የሽምግልናው መሪ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱት ሐጂ ከድር! አዎ፣ የእኔው የክር ሐጂ። አስካለ «ተቀመጡ» ብትል፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፤ ወጉ ነው። ባለቤቱ ራሱ አፉን ከፍቶ ተቀመጡ ማለት አለበት። ባለቤቱ ግን እጁን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ዝም ብሏል።

ሐጂ ይህን አቀማመጥ ያውቁታል። ለጓዶቻቸው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጀመረ» አሏቸው። «እኔ ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ለእኔ ተዉት።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅህን ለልጃችን እንድትሰጠን ልንለምን መጥተናል። ልጃችን የተማረ፣ የመድኃኒት ባለሙያ ነው።»

ዝም።

«አይቅምም፣ አያጨስም።»

ዝም።

«ከቤተ ክርስቲያን አይጠፋም» ጨመሩ ቄሱ። ዝም። አጎትየው ይቁነጠነጥ ጀመር።

«እሺ» አሉ ሐጂ። «ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ይዟት ሊሄድ አስቦ ነበር። ይቅር፣ አይሄድም!» አጎትየው «ኧረ ሐጂ!» ቢል በክርናቸው ጎሰሙት። ዝም። «ቤትም የሚከራየው እዚሁ አካባቢ ይሆናል።» ዝም። «አንተ ሰውዬ፣ ወላሂ ከዚህ በታች አልወርድም!» ዝም። ሐጂ ላባቸውን ጠረጉ። «እሺ! እሁድ እሁድ ምሳ እዚህ ይበላሉ! ይኸው!»

በዚህ ጊዜ ራሴ አንድ ጊዜ ወደ ታች ነቅነቅ አለ።

«አለቀ!» አሉ ሐጂ። አስካለ እልልታዋን ጉሮሮዋ ላይ አድርሳ ነበር። ያኔ ነው አንኮራፋ የተባልኩት። ቄሱ አማተቡ። አጎትየው የጭነት መኪና መስሎት በመስኮት አየ።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች ረድኤት። ስልኳን አነሣች። ልጁ ለካ ሱፉን ለብሶ የመንገዱ ጥግ ላይ ቆሞ ውጤት ይጠብቅ ኖሯል፤ እየሮጠ ገባ። ሙሽራው ራሱ ዘሎ የገባበት ሽምግልና በአገራችን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ተንበርክኮ የእጄን ትርታ ያዘ፣ ትንፋሼን አዳመጠ።

«ስንት ዋጡ?»

«አንድ፤ ዓይናችን እያየ።»

«መጠጥስ?»

አስካለ ቁልፏን ከደረቷ አውጥታ አሳየችው።

«በስማቸው ጥሯቸው እስቲ።»

ቢጠሩኝ፣ «ቀንስ!» ብዬ ተመልሼ ተኛሁ አሉ። ልጁ ተነፈሰ። ጤና ጣቢያ ላለው ተረኛ ደውሎ ተማከረ። «በጎናቸው እናስተኛቸው፤ ብቻቸውን አንተዋቸውም። ትንፋሻቸው ከከበደ ወይም ስንጠራቸው ካልመለሱ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው» አለና በዚያ ሱፍ አጠገቤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ሽማግሌዎቹስ? ቆመዋል።

«ኧረ በሞቴ ተቀመጡ!» ትላለች አስካለ።

«አይሆንም» አሉ ሐጂ። «ራሱን የነቀነቀው ተኝቶ ከሆነ ገበያው ፈርሷል። ይንቃና በአፉ ይበለን።» አጎትየው ግድግዳ ተደገፈ፣ ሐጂ የወንበር መደገፊያ ያዙ፣ ቄሱ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር ሻጥ አደረጉ፤ ለእርሳቸው መቆም የኖሩበት ሥራ ነው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዓይኔን ገለጥኩ። መጀመሪያ ያየሁት ያንን ክኒን ሻጭ ነው፤ ከረባት አስሮ የእጄን አንጓ ይዟል።

«አንተ ሌባ!» አልኩት። «ፎርጅድ ሸጠህልኝ ደግሞ ቤቴ ድረስ መጣህ? ይኸው አላስተኛኝም!»

ቀና ስል ሦስት ሽማግሌዎች እንደ ተተከለ ግንድ ቆመዋል።

«ሐጂ? እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ሽምግልና።»

«ለማን?»

«ለዚህ ሌባ ላልከው።»

ረድኤት የጓዳው በር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል የፈሰሰ ውሃ ነው፤ አጎትየው ቆቡን አንሥቷል። ሐጂ ግን እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆይ» አሉ። «ሌባ ካልከው ልጃችንን ይዘን እንሄዳለን። ግን አንድ ነገር አጣራልን። ክኒኑ ፎርጅድ ከሆነ አንተ አልተኛህም። አልተኛህም ማለት ነቅተህ፣ እያየኸን፣ አንድ ቄስና እኔን ሽማግሌ እስከዚህ ሰዓት አቁመኸናል ማለት ነው። ይህን ነውር ለመርካቶ ሁሉ እነግርልሃለሁ። ክኒኑ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ተኝተሃል፤ ልጁም ሌባ አይደለም።» ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «ተኝተህ ከነበረ ግን፣ ያ የሰማነው ድምፅ የማን ነበር?»

ወጥመዱን አያችሁት? የዘመናት የክር ቂማቸውን በአንድ ጥያቄ ተወጡት። እኔም የማውቀውን አደረግኩ፤ እጄን አጣጠፍኩ፣ ዓይኔን ገርበብ…

«አይሆንም! ዛሬ በዝምታ አንገበያይም!» ጮኹ ሐጂ።

«ደግሞ ሊተኛ ነው!» አለ አጎትየው።

ልጁ ከወለሉ ሳይነሣ፣ «ጋሼ፣ እንደፈለጉ ይበሉኝ» አለኝ። «ብቻ የቀሩትን ክኒኖች ይስጡኝ። ቢደግሙት ደስ አይለኝም።»

ዓይኑን አየሁት። በሁለት ጣቴ እንደ ክር አሸሁት በሉት። ሊዳር ይሁን ሊባረር ሳያውቅ አሁንም ስለ ክኒኑ የሚለምን ሰው ናይለን አይደለም። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት።

«አባዬ፣» አለች ረድኤት ቀስ ብላ፣ «ሻንጣዬን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አገኘሁት እኮ።» ሌላ ምንም አላለችም። ሻንጣውን መደበቄን ዛሬም አላስታውስም። ለምን እንደደበቅኩት ግን ያን ሰዓት ገባኝ፤ ሻንጣ የሌላት ልጅ ከቤቴ አትወጣም። ለሐኪሟ «ምንም» ያልኳት ነገር እርሱ ነበር።

አስካለን አየኋት። ይህችን ቀን ከሠርጋችን ማግስት ጀምራ ስትጠብቃት የኖረች ሴት ናት። አሁን ምስክሮቿ ጆሮዋ ብቻ አይደሉም፤ ሐጂም ቄስም በአንድ ቃል ቆመውላታል።

«ክኒኗ እውነተኛ ናት» አልኩ። «ተኝቼ ነበር። ልጁም ልጄ ነው፤ ተቀመጡ።»

አልተቀመጡም። «ድምፁስ?» አሉ ሐጂ።

«የእኔ ነው» አልኩ።

ያኔ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው እንደ አሮጌ በር እየጮኸ። አስካለ እልልታዋን አቀለጠችው። እልልታው ለልጇ ይሁን ለእኔ ቃል እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ።

ሰኞ ከልጁ ጋር ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። ሁሉን ስነግራት ተቆጣችኝ፤ ክኒኑም በዚያው ቀረ። ጭንቀቴንም ስሙን ጠርቼ ነገርኳት፤ ስሙ ከተጠራ በኋላ እንደ ሌሊቱ አይከብድም። አሁን ልጆቹ እሁድ እሁድ ምሳ ከእኛ ጋር ይበላሉ፤ ተኝቼ ካሸነፍኩት ገበያ የበለጠ ነቅቼ አሸንፌ አላውቅም። ከምሳ በኋላ ያለ አንዳች ክኒን ትልቁ ወንበር ላይ አሸልባለሁ። አማቼ ከወዲያ ክፍል ጆሮውን ጣል አድርጎ፣ «ትንፋሻቸው ደህና ነው» ይላል አሉ።

አንኮራፋለሁ። ግድግዳ አልፎ ይሰማል።